የእትዬ ታማኤ ሣጥኖች

ስለ እትዬ ታማኤ ኩሱሞቶ የምጽፈው እያፈርኩ ነው። ባለቤታቸው ዓሣ ሻጭ ነበሩ። ሲሞቱ ሱቁ ተዘጋ፤ ለእትዬ የተረፈው የነጫጭ ፎም ሣጥን ክምር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይጥለው ነበር። እሳቸው ግን ታቹን በምስማር በሳስተው፣ አፈር ሞልተው፣ አበባ ዘሩበት። በሃያ ዓመት ውስጥ ሣጥኖቹ ከደጃፋቸው ወደ መንገዱ እየተሳቡ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈውን የኦሳካ ቅያሳችንን አረንጓዴ አለበሱት።

ጠዋት ውኃ ሲያጠጡ አፋቸው አያርፍም። «አንተ ሰነፍ፣ ጎረቤትህ እኮ አብቧል!» ይሉታል አበባውን። እኔ ሳልፍ ደግሞ፣ «አቶ ኔጎሮ፣ ዛሬም የኔን ባልዲ ፎቶ ሊያነሡ ነው? ጡረታ ሰውን እንዲህ ያደርጋል እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ከፖስታ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ካሜራ ይዤ መዞር ነው ሥራዬ። ቤተ መቅደሱንና የቼሪውን አበባ ሁሉም ያነሣዋል። እኔ የምወደው የተሰጣ ልብስ፣ የተወሳሰበ የመብራት ሽቦ፣ የዛገ ቆርቆሮ ነው። የእትዬን ሣጥኖች ዝናብ እንዳባራ አንሥቼ ለክፍለ ከተማው ኤግዚቢሽን ሰጠሁ፤ ሁለተኛ ወጣ። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም፤ በኋላ ፎቶውን ሰጥቼ ላስደስታቸው ብዬ ነው።

በመክፈቻው ቀን ክራባት ያሰሩ ሰው ፎቶው ፊት ቆመው፣ «እንዴት ያምራል! የት ሰፈር ነው?» አሉኝ። ሙገሳው ልቤን አሳበጠውና የቤቱን ቁጥር ሳይቀር ነገርኳቸው።

«ሣጥኖቹ ያሉት እንግዲህ የሕዝብ መንገድ ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። ለካ የመንገድ ክፍል ኃላፊ ኖረዋል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነ።

በሳምንቱ በእትዬ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ እሳት ቢነሣ መተላለፊያ ስለሚዘጉ ሣጥኖቹ ይነሡ ይላል። ሕጉ ልክ ነው። እትዬ ሁለት ቀን ሙሉ ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ሲያነሡ፣ እኔ በመጋረጃዬ ስንጥቅ አያቸው ነበር። ወጥቼ ላግዛቸው እንኳ ፈራሁ። ያሳፍራል።

በሦስተኛው ቀን የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ በሁለት እጃቸው የጣፋጭ ፓኮ ይዘው በሬን አንኳኩ። በእኛ ሰፈር ይቅርታ ባዶ እጁን አይመጣም። በዚያ እርጅናቸው ወገባቸው እስኪታጠፍ አጎነበሱልኝ።

«ሃያ ዓመት አስቸገርኳችሁ፣ አቶ ኔጎሮ። አንዱ ጎረቤት መሮት ነው የከሰሰኝ። ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ቤት እየዞርኩ ነው። እስኪከሰኝ ድረስ ስንቱን ችሎኝ ይሆን?»

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ምን አጠፉ!» አልኩ። «እኔ ነኝ» ግን አላልኩም።

«አሥራ አንድ ቤት ገባሁ» አሉ ቀና ብለው። «እግዜር ይቅር ይበለኝና ሁሉንም በየተራ ጠረጠርኩ። እርስዎን ብቻ አልጠረጠርኩም። እርስዎ እኮ ሣጥኖቼን ይወዷቸው ነበር።»

ፓኮውን ተቀብዬ ከእሳቸው ይልቅ ዝቅ ብዬ አጎነበስኩ። ቤታቸው ገብተው በሩን እስኪዘጉ ድረስ ቀና አላልኩም።