ከሮቶው ክዳን ስር ያለው ባትሪ

ወይንሀረግ ያደገችው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው። አባቷ ሬዲዮ ይጠግኑ ስለነበር ልጅነቷ ያለፈው በተፈታቱ ሬዲዮዎች መሀል ነው። ዛሬ በአንድ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ታስተምራለች፤ ከባሏ ከሞቱማ ጋር ልደታ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች።

ግቢው ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ውኃ በመጣ ቀን ጥበቃው ፓምፑን አስነስቶ ጣራ ላይ ያሉትን ሮቶዎች ይሞላል። መሙላታቸው የሚታወቀው ግን ውኃው ሞልቶ በግድግዳው መውረድ ሲጀምር ነበር።

«አንቺ የተማርሽው ለመቼ ነው?» አሏት የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኃይለመለኮት፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ ሲያገኟት እየሳቁ።

ቀልዱን የምር አደረገችው። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ያለ ገመድ የሚገናኙ ሴንሰሮች ባትሪያቸውን እንዴት እንደሚጨርሱ ነበር። በየብሎኩ ሮቶ ክዳን ስር አንድ አንድ ሴንሰር ሰቀለች። ሁሉም የውኃውን ከፍታ ለክተው ለመካከለኛው ብሎክ ሴንሰር ይልካሉ፤ እሱ ደግሞ ጥበቃ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ወደምትበራውና ሮቶ ሲሞላ ቀለሟን ወደምትቀይረው ትንሽ መብራት ያስተላልፋል። በሠራችው ሞዴል መሠረት ባትሪዎቹ ከዓመት በላይ መቆየት ነበረባቸው።

መስከረም ላይ የተሰቀሉት ለገና እንኳን ሳይደርሱ መብራቷ ጠፋች። የመካከለኛው ብሎክ ባትሪ አልቆ ነበር። ወይንሀረግ አዲስ ባትሪ አስገባች። እሱም የፋሲካ ጾም ሳይጋመስ አለቀ፤ ውኃውም እንደ ድሮው በግድግዳው ወረደ። ጎረቤት ባየች ቁጥር ማፈር ጀመረች።

«ልጄ፣ ካልሆነ እንተወው» አሏት አቶ ኃይለመለኮት። «እንደ ድሮው ሰው ወጥቶ ይየው።»

«ጋሼ፣ እስከ ፋሲካ ብቻ ይታገሡኝ።»

«እስከ ዳግማይ ትንሣኤም እታገሣለሁ። እኔ የፈራሁት ከጣራ እንዳትወድቂ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት የመካከለኛው ብሎክ ጣራ ላይ ወጥታ አዲስ ባትሪ አስገባችና የኃይል መለኪያዋን ከሴንሰሩ ጋር አገናኘች። ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ ስላላት ሞቱማ ጃንጥላ ያዘላት። ሴንሰሩ መልእክቱን ሲልክ ቁጥሩ ዘለለ። ከዚያ ወዲያው መውረድ ነበረበት፤ አልወረደም። ረጅም ጊዜ አፍጥጣ አየችው።

«ምን አገኘሽ?» አላት ሞቱማ።

«አይተኛም!» አለች። «የሌሎቹ መልእክት መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ሬዲዮውን ከፍቶ ይጠብቃል። እኔ ያሰላሁት ሲልክ የሚፈጀውን ነው። ሲጠብቅ የሚፈጀውን ረስቼዋለሁ።»

«ኮሌጅ ስትሞክሪው ለምን አልታየሽም?»

«እዚያ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ሁለት ብቻ ናቸዋ! አንዱ ይልካል፣ ሌላው ከግድግዳ ሶኬት ኃይል ያገኛል። ባትሪ ይዞ የሚጠብቅ አልነበረም።»

ስህተቷን በማግኘቷ ከማዘን ይልቅ ሳቋ መጣ። በሳምንቱ ሴንሰሮቹ ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት ነቅተው፣ ተነጋግረው፣ አብረው እንዲተኙ አደረገቻቸው። ሞዴሏንም መጠበቁን ጨምራ እንደ አዲስ ሠራችው። አዲሱ ስሌት የመካከለኛው ባትሪ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት እንደሚያልቅ ነገራት።

አቶ ኃይለመለኮት ይህን ሲሰሙ «ዕለተ ሞቱን ነገርሽው በይኛ!» ብለው ሳቁ።

ክረምቱ አለፈ፣ መብራቷ ግን ሥራዋን አላቋረጠችም። ጥበቃው ፓምፑን በጊዜው ያጠፋል፤ የረጠበውም ግድግዳ ደርቆ ቀለም ተቀባ። ጥምቀት በዋለ በአራተኛው ቀን አቶ ኃይለመለኮት ከግቢው ሆነው ተጣሩ።

«ወይንሀረግ! መብራቷ ጠፋችብን እኮ!»

እሷ በረንዳው ላይ ብቅ ብላ «እሰይ!» እያለች አጨበጨበች። ጎረቤቶቿ ምን ነካት ብለው ቀና አሉ። ሞቱማ መሰላሉን ሊያመጣ እየሳቀ ደረጃውን ወረደ።