«ወራጅ አለ» ያልኩበት ቀን

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ጮህኩ። እኔ፣ ቤት ውስጥ እንኳ ድምፄ የማይሰማው።

አክስቴ ነገ ወደ ሆሳዕና ትመለሳለች። የስድስት ኪሎን አንበሶች ሳላይ አልሄድም ስላለች ከነፋስ ስልክ ይዣት ወጣሁ። እስከ ፒያሳ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በውይይት ታክሲ።

እውነቱን ልናገር፤ «ወራጅ አለ» ማለት አፍራለሁ። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ ወርጄ ወደ ኋላ በእግሬ እመለሳለሁ። አክስቴን ግን ጉልበቷን ያማታል።

አንበሶቹ ግቢ ስንደርስ ማንም የሚወርድ የለም። ውይይት እንደ ቀበሌ ስብሰባ ፊት ለፊት ስለሚያስቀምጥ ሁሉም እኔን የሚያዩ መሰለኝ። የግቢውን በር አለፍነው።

«አንቺ፣ አንበሶቹ ገና ናቸው?» አለች አክስቴ።

«ወራጅ አለ!»

ሾፌሩ ደንግጦ ቀጥ አደረገው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ወደ አክስቴ ዞረው፣ «እህቴ፣ ምን አደከመሽ? አንበሳዋን ከቤት ይዘሻት መጥተሻል እኮ» አሉ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

አንበሶቹ ተኝተው ነበር። አክስቴ ግን አጥሩን ይዛ እንደ ልጅ ስታያቸው ዋለች።

እንግዳ ይዛችሁ ከተማ ስትወጡ፣ ከመውረጃችሁ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ተናገሩ። ያኔ በቀስታ ማለት ይበቃል።

እናንተስ አፍራችሁ ስንት መውረጃ አልፏችኋል?