አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ደወል

ስንቅነሽ ወደ ዱብቲ የወረደችው ባሏን አስናቀን ተከትላ ነው። አስናቀ ከዚያ በፊት አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ጫኝ ነበር። የጥጥ እርሻው ሲከፈት «ውሃ የሚመራ ሰው ይፈለጋል» ሲባል ሰማ። የወረኢሉ ገበሬ ልጅ ውሃ መምራት ያቅተዋል? ብሎ ሚስቱን፣ እናቱንና በዚያን ጊዜ የነበሩትን ልጆች ካሚዮን ላይ ጭኖ ቆላ ገባ። ሌሎቹ ልጆች እዚያው ተወለዱና ቤቱ ስምንት ልጅ ሞላበት። ስንቅነሽ የመጀመሪያው ሰሞን ሙቀት ሲገርፋት «ይሄ አገር ዳቦ ሊጋገርበት ነው እንጂ ሰው ሊኖርበት ነው?» ብላ አልቅሳ ነበር። ያንንም ያለችው ለትራሷ ነው፤ ለሰው አልተናገረችም።

ምክንያቱም ስንቅነሽ ዓይን አፋር ነበረች። ከጎረቤት ጨው ስትፈልግ እንኳ ልጅ ትልካለች። ገበያ ላይ ዋጋ ቢበዛባት ዕቃውን ቀስ አድርጋ አስቀምጣ ትሄዳለች እንጂ አትከራከርም። አማቷን እመት የሻረግንማ ቀና ብላ አይታ «አይሆንም» ያለችበት ቀን የለም። እመት የሻረግ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ቃላቸው አንድ ነው። ቤቱ በእርሳቸው ድምፅ ይነሣል፣ በእርሳቸው ድምፅ ይተኛል።

ስንቅነሽ አንደበቷ የሚፈታው ጓሮዋ ውስጥ ብቻ ነበር። ከሠራተኛው ሰፈር ጀርባ፣ ከትንሿ ቦይ ዳር፣ የአዋሽ ደለል የተኛበት ጥቁር መሬት አለ። ከቦዩ ማዶ ጥጡ ዓይን እስኪደክም ተዘርግቷል፤ ከቦዩ ወዲህ የእርሷ መደቦች ናቸው። ጎመኑን በረድፍ ተክላዋለች፤ ቲማቲሙን በሸምበቆ ደግፋዋለች፤ ቃሪያው ከፓፓያው ጥላ ሥር ነው። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ጠወለግሽ? ትናንት ማታ አጠጥቼሽ የለም ወይ?» እያለች ከእያንዳንዱ ጋር ታወራለች። ልጆቹ ይስቁባት ነበር።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በ1959 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ በተጋመሰበት ሰሞን ነው። ደጋው በዝናብና በጭቃ ተይዟል። ዱብቲ ግን ክረምት መግባቱ የሚታወቀው አዋሽ ደፍርሶ ሲሞላ ብቻ ነው፤ ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ይግላል። በዚህ ሙቀት ትንሿ ልጅ ውባንች «ዘንድሮ እንደ ትልልቆቹ ቅዳሴ እስኪወጣ እጾማለሁ» ብላ ተነሣች። ስድስት ዓመቷ ነው። እመት የሻረግ ደስ ብሏቸው ነጭ ቀሚስ አሰፉላት፤ ነገሩ በሆነበት ዕለት ከእርሳቸው ጋር ልትቆርብ ነው። ስንቅነሽ ግን ጠዋት ልጇን ባየቻት ቁጥር ሆዷ ይባባል። የልጅቷ ከንፈር ደርቋል። ጥቂት ውሃ ልስጣት ትልና አማቷን አይታ ትተወዋለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ቤተሰቡ በሙሉ ጓሮ ወረደ። ትልቋ ንጋትወርቅ በቆርቆሮ ውሃ ትቀዳለች፣ ወንዶቹ ይኮተኩታሉ፣ እመት የሻረግ ፓፓያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የጎመን ዘር ያበጥራሉ። ውባንች ቲማቲሙ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አረም ትነቅላለች።

«ውባንች፣ ቲማቲሙን እንደዚያ አትዪው» አላት ወንድሟ ተክለ ማርያም። «በዓይንሽ ጾም ትገድፊያለሽ!»

«አንተ ትናንት ቅዳሴ ላይ አንኮራፍተህ የለም ወይ!»

«ተመስጬ ነው።»

«ተመስጦ ይንኮራፋል?» አሉ እመት የሻረግ፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው።

በዚህ መካከል ደወል ተሰማ። የዱብቲን ደወል ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ በካሚዮን የመጣ አንድ አሮጌ ሐዲድ ነበር። ለሁለት ተቆረጠና ግማሹ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግራር ላይ፣ ግማሹ እርሻው መጋዘን በር ላይ ተሰቀለ። የአንድ እናት ልጆች ናቸውና ድምፃቸው አይለይም። የቤተ ክርስቲያኑ ለቅዳሴ ይደወላል። የእርሻው ደግሞ አውሮፕላን ለጥጡ የተባይ መድኃኒት ሊረጭ ሲል «ውሃችሁን ክደኑ፣ ልጆቻችሁን አስገቡ» ለማለት ነው። ሰው የሚለያቸው በሰዓታቸው ነበር፤ አውሮፕላኑ ነፋስ ሳይነሣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚረጨው፣ የፍልሰታ ቅዳሴ ግን እኩለ ቀን ላይ ነው የሚገባው። በዚያ ቀን ግን የአውሮፕላኑ ሞተር ሲያስቸግር አርፍዶ ነበር። ይህንን ጓሮ ውስጥ ያሉት አያውቁም።

«ቅዳሴ ሊገባ ነው! ተነሡ፣ ታጠቡ፣ ልበሱ!» አሉ እመት የሻረግ።

ስንቅነሽ ቀና ብላ ፀሐዩን አየችው። የፓፓያው ጥላ ገና ረጅም ነው። «ገና ነው እኮ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰና ተመልሶ ገባ።

ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ጥድፊያ ሲመጣ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው። አንዱ ጫማውን ያጣል፣ አንዷ ፀጉሬ ሳይጎነጎን ትላለች። እመት የሻረግ ነጩን ቀሚስ ቤተ ክርስቲያን ሊያለብሷት ይዘው ከወንዶቹ ጋር ቀድመው ሄዱ። ስንቅነሽም ሴቶቹን ይዛ ስትከተል ውባንች ከአያቷ ጋር ናት ብላ አሰበች። እመት የሻረግም ከእናቷ ጋር ናት ብለው አሰቡ።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ዲያቆኑ ደጁን እየጠረገ ነው። «እማማ የሻረግ፣ ዛሬ ምነው እንዲህ ማለዳችሁ?» አላቸው መጥረጊያውን ተደግፎ። «እኛ እኮ አልደወልንም።»

ያን ጊዜ ከእርሻው በኩል የአውሮፕላን ድምፅ መጣ።

ስንቅነሽ ልጆቿን ዞራ አየች። «ውባንችስ?»

«ካንቺ ጋር አይደለችም?» አሉ አማቷ።

«ጓሮ ናት» አለች ስንቅነሽ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሣችውም። ሮጠች።

አውሮፕላኑ ከጥጡ በላይ ዝቅ ብሎ ይመላለሳል፤ ከኋላው ነጭ ጉም ይለቃል። የረፋዱ ነፋስ ተነሥቶ ጉሙን ቦዩን አሻግሮ ወደ ጓሮዎቹ ይነዳዋል። ስንቅነሽ ስትደርስ የጎመኑ ቅጠል ረጥቧል፣ አፍንጫ የሚበሳ ሽታ አለው። ልጅቷ የለችም። ከቲማቲሙ ሥር አንዲት ቲማቲም ወድቃለች። አነሣቻት። በትንንሽ ጥርስ ተነክሳለች።

«ውባንች!» የዚያን ቀን ጩኸቷን የሰፈሩ ሰው ዓመት ሙሉ ሲያወራው ኖረ።

«ስንቄ! ስንቄ! እኔ ዘንድ ናት፣ ነይ!» አለ ድምፅ ከወደ ሰፈሩ።

ከድጃ ናት፤ የወሎ ልጅ፣ የቅርብ ጎረቤታቸው። ባሏ ከድሩ ለአውሮፕላኑ ባንዲራ ይዞ የሚያመለክት ሠራተኛ ስለሆነ የርጭቱን ማርፈድ ታውቅ ነበር። ደወሉ ሲሰማ ቤት ውስጥ ያለውን ውሃ ስትከድን ቆይታ ስትወጣ ልጅቷን ብቻዋን ጓሮ ውስጥ አየቻት፤ ልክ አውሮፕላኑ ሲመጣ ጉያዋ ውስጥ ከታ ወሰደቻት። ስንቅነሽ ስትገባ ውባንች በሳሙና ታጥባ፣ በከድጃ ሽርጥ ተጠቅልላ ጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ከድጃ ከአፋሯ ኑራ የገዛችውን የፍየል ወተት በብርጭቆ ይዛ ትለማመጣታለች።

«ወተት መርዝ ያበርዳል ጠጪ ብላት ጥርሷን ገጥማ እምቢ አለችኝ! ወላሂ፣ እኔ በረመዳን እንኳን እንዲህ አልጠነክር!»

«ጾም ነኝ!» አለች ውባንች እያለቀሰች።

ወዲያው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ክሊኒኩ ሮጣ የነበረችው ንጋትወርቅ ድሬሰሩን በላይን ይዛ ደረሰች፤ እመት የሻረግም እያለከለኩ ከኋላቸው ገቡ። በላይ የልጅቷን ዓይን ገልጦ አየ፣ ትንፋሿን አሸተተ፣ ክንዷን ያዘ።

«ቆዳዋ ወዲያው መታጠቡ ጥሩ ነው» አለ። «ወተቱ ይቆይ። ዋናው ነገር፣ መድኃኒቱ ከነካው አትክልት በልታለች ወይ? ከበላች ዝም ብለን የምናያት አይደለችም፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይዘን እንሩጥ። ውባንች፣ በልተሻል?»

ልጅቷ አያቷን አየች። አያቷም እርሷን አዩ። ነጩ ቀሚስ በእጃቸው ነበር።

«አልበላሁም» አለች።

«ሰማህ!» አሉ እመት የሻረግ። «የእኔ ልጅ በፍልሰታ አትዋሽም።»

ስንቅነሽ የተነከሰችውን ቲማቲም እጇ ውስጥ ጨብጣታለች። ልጇ አያቷ ፊት «በላሁ» ብላ ከምትናገር ብትሞት እንደምትመርጥ ታውቃለች፤ ራሷም እንደዚያው ነበረች። ትናንት ቢሆን ዝም ትል ነበር።

«እማዬ» አለች። «እባክዎ ይውጡልን።»

ከድጃ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ምን አልሽ?»

«ይውጡልን። እርስዎ እያሉ እውነቱን አትናገርም።»

እመት የሻረግ ቀሚሱን አልጋው ጫፍ ላይ አኑረው ወጡ።

ስንቅነሽ ልጇ ፊት ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። «ይቺን የነከሳት ማን ነው? አልቆጣሽም።»

ውባንች ቲማቲሟን አየቻት። «እኔ ነኝ። ቦዩ ጋ ስታጠብ ዞር ብል ማንም የለም። ጠራኋችሁ። ደግሞ ራበኝ። እሷ ደግሞ ቀልታ ነበር።»

«ዋጥሻት?»

«እመቤታችን ታየኛለች ብዬ ተፋሁት። አፌንም ተጉመጠመጥኩ።»

«ያን ጊዜ አውሮፕላኑ መጥቶ ነበር?» አለ በላይ ጎንበስ ብሎ። «ቅጠሉስ ረጥቦ ነበር?»

«አልመጣም! እኔ ተጉመጥምጬ አልቅሼ ስጨርስ ነው የመጣው። እት ከድጃም ያን ጊዜ ነው የወሰደችኝ።»

በላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ላቡን በእጅጌው ጠረገ። ፊቱ ፈታ አለ። «በሉ ተገላገልን። ያልዋጠችውን ምን ላድርግ? መድኃኒቱ ሳይረጭባት የነከሰቻት፣ ያውም የተፋቻት ናት። እስኪመሽ ዓይናችሁን ከእሷ ላይ አትንቀሉ፤ ካስመለሳት ወይም ካዞራት ሮጣችሁ ኑ። ከጓሮው ግን አንዲት ቅጠል እንዳትቀምሱ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ከድጃ።

ስንቅነሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣባት፤ የትኛውን እንደምታስቀድም ግራ ገባት።

በዚህ ሰዓት ሐዲዱ እንደገና ተደወለ። ሁሉም ደነገጡ።

«ይሄኛውስ የማን ነው?» አለች ከድጃ።

«የኛ ነው» አለ የእመት የሻረግ ድምፅ ከሰሌኑ ግድግዳ ማዶ። እዚያው ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል።

ገቡ። ስንቅነሽ ቁጣውን እየጠበቀች አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ ግን ወደ አልጋው አልፈው ልጅቷን አቀፏት።

«ነክሰሽ ተፋሽው?»

«አዎ።»

«ሌላ ሰው ሳያይሽ?»

«አዎ።»

እመት የሻረግ የልጅቷን ፀጉር በእጃቸው ዳበሱ። ከዚያ «ከድጃ፣ ቂጣ አለሽ?» አሉ። «ስጪያት። ዛሬ ትብላ። ነገ እኔው ይዣት ሄጄ ቄሱን አነጋግራለሁ።»

«ቅዳሴ ሳይወጣ?» አለች ውባንች ተደናግጣ።

«ብይ ብዬሻለሁ!» አሉ፤ ድምፃቸው የዱሮው ሆነ፣ ዓይናቸው ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ፀሐይ ሲበርድ ቤተሰቡ ጓሮ ወርዶ ጎመኑንም ቲማቲሙንም እየነቀለ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረ። አስናቀ ከቦይ ሥራው ሲመለስ ነገሩን ሰምቶ ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ አላወርድ አለ። ተክለ ማርያም «ከእንግዲህ ከጎመን ተገላገልን» ሲል ንጋትወርቅ «ታዲያ በጾም ምን ልትበላ ነው፣ አዋሽን?» አለችው። ከድጃ የባቄላ ንፍሮ በሳህን ልካ ሁሉም እየዘገኑ በሉ። ውባንች አላስመለሳትም፣ አላዞራትም፤ ከወንድሞቿ ድርሻ ላይ ሁሉ ትሻማለች። ስንቅነሽ ባዶ የቀረውን መደብ እያየች ማዘን ነበረባት፤ ማዘን ግን አልመጣላትም። ትከሻዋ ላይ የነበረ ትልቅ ድንጋይ የወረደ መሰላት።

እመት የሻረግ ያበጠሩትን ዘር በጨርቅ ቋጥረው አጠገቧ መጡ።

«አዲሱን መደብ የት ብናደርገው ይሻላል ትያለሽ?» አሏት።

ስንቅነሽ በእጇ አመለከተች። «ከሰፈሩ ማዶ፣ ከቦዩና ከጥጡ ርቀን።»

«ሩቅ ነው እኮ። ውሃ መቅዳቱ ያደክማል።»

«ያድክም» አለች ስንቅነሽ።