መቅመስ መብላት አይደለም

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ካፍቴሪያ ዋና ምግብ አብሳይን ሁሉም ነገር አስጠልቶታል። ሚስቱ ያለ ጨው የምትቀቅልለት ድንች አስጠልቶታል። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ፣ በጣቱ ሲጫነው ጎድጉዶ የሚቀረው ያበጠ የገዛ እግሩ ያቅለሸልሸዋል። ልቡ ደክሟል፤ ኩላሊቱም ተከትሎታል። የልብ ሐኪሙ በሰውነቱ የተጠራቀመው ውኃ ይውጣ ብሎ የሽንት ኪኒን ሲጨምርለት፣ የኩላሊት ሐኪሟ ኩላሊቱ ይጎዳል ብላ ትቀንስበታለች።

«እነሱ ሲጓተቱ እኔ መሀል ላይ ልበጠስ ነው» ይላል።

ሁለቱ የተስማሙት ጨው እንዲቀር፣ ውኃ በልክ እንዲሆንና ጠዋት ጠዋት እንዲመዘን ብቻ ነው። እርሱም እየተነጫነጨ አከበረ። ሚዛኑ ግን በአምስት ቀን ሦስት ኪሎ ጨመረ፤ ደረጃ ሲወጣም ትንፋሽ ያጥረው ጀመር።

«አባቴ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?» አለችው የኩላሊት ሐኪሟ።

«ድመት የማትቀምሰውን።»

«እንዲህ ከቀጠለ እጥበት መጀመርዎ ነው።»

በማግሥቱ ካፍቴሪያው ወጥ ቤት ውስጥ እንደ ልማዱ ከአምስቱም ድስት በጭልፋ እየቀዳ ፉት አለ፤ ጨው ጨመረ፤ ደግሞ ፉት አለ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከራሱ ምላስ በቀር የማንንም ምላስ አምኖ አያውቅም። ሳህን አጣቢዋ እጇን አረፋ ውስጥ እንደነከረች ታየው ነበር።

«ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሃያ አንድ ጭልፋ ቆጠርኩብህ።»

«መቅመስ መብላት አይደለም!»

«እሱን ለኩላሊትህ ንገረው።»

አፉ ውስጥ ያለው ሾርባ አስጠላው። ማጠቢያው ላይ ተፋው፤ ወዲያው ራሱን ተጸየፈ። ለሰው የሚቀርብን ምግብ እየተፉ ማብሰል ምን የሚሉት ብልግና ነው! ፊቱን አዙሮ ጭልፋውን ዘረጋላት።

«እንኪ፣ ቅመሺ።»

«ኧረ ጋሼ! ጨዉ ያቃጥላል።»

ለእርሱ ገና ውኃ ውኃ ይል ነበር። አላመናትም፤ ግን ውኃ ጨመረበት። ከዚያ ወዲያ እርሷ ቀማሽ፣ እርሱ አኩራፊ ሆነው ሠሩ።

በሳምንቱ ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ተኩል ወረደ። በዚያው ቀን ከፋብሪካው ልብስ ሰፊዎች አንዷ ባዶ ሳህኗን ይዛ መጣች።

«እጅህ ይባረክ! ሁለት ወር ጨው ስንልስ ከርመን ይኸው ምግብ በላን።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?» አለ ደንግጦ።

«ታመሃል፤ ሆድ እንዳይብስህ ብለን ነዋ።»

አራት መቶ ሰው በየቀኑ አዝኖለት ሲውጥ ታየው። ከድንቹም፣ ከእግሩም፣ ከኪኒኑም ይበልጥ ይሄ አስጠላው። በማግሥቱ ጠዋት ገና ድስቱ ሳይፈላ፣ ጨዉን ከነማስቀመጫው አንስቶ ሳህን አጣቢዋ ፊት አኖረው።