የአንድ ቀን ሥራ

ሙኒራ ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ የኢንተርኔት ቤት አላት። ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል የሚመጣ አንድ ሰው አለ። ስሙን ጠይቃው አታውቅም፤ የውሃ መስመር ፕሮጀክት እንደሚመራ ግን ስክሪኑ ላይ አይታለች። የጫማውን ቀይ አፈር በር ላይ በጨርቅ ይጠርጋል፣ ሰዓቱን አውልቆ ከኪቦርዱ አጠገብ ያኖራል፣ ከዚያ የሠራተኞቹን ሥራ የኮምፒውተር ቀን መቁጠሪያ ላይ በየቀኑ ይደለድላል። ቦይ ማስቆፈር፣ ቱቦ ማውረድ፣ ሲሚንቶ መረከብ፤ እያንዳንዱ በተጀመረበት ቀን የሚያልቅ፣ ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ ሳጥን።

«ሥራ ካንድ ቀን ካለፈ ባለቤት ያጣል» ብሏታል፣ አንድ ጊዜ ለምን እንዲህ እንደሚከፋፍለው ብትጠይቀው።

ከሳጥኖቹ አንዷ ግን የፕሮጀክቱ አይደለችም። «ሆመቾ፣ አባቴን ማየት» ትላለች። ሰውየው ሌላውን ሁሉ ሲጨርስ ያቺን በማውስ ይዞ ወደ ነገ ይጎትታታል። ከክረምት ጀምሮ እንዲሁ ነው። ሆመቾ እኮ በሚኒባስ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን አይፈጅም! ሙኒራ ስንቴ ልትናገረው አፏ ላይ ደርሶ መልሳ ዋጠችው።

ባለፈው ሳምንት ሰውየው ጠፋ። ትናንት ጢሙን ሳይላጭ፣ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

«ምነው ጋሼ፣ በሰላም?»

«አባቴን ቀብሬ መጣሁ።»

«አላህ ያጽናዎት።»

ራሱን ነቀነቀና ሰዓቱን አወለቀ። ሳጥኗ ቀኗ አልፎ፣ ቀይ ሆና ጠበቀችው። ሙኒራ አሁንስ ይሰርዛታል ብላ ዓይኗን ልትመልስ ስትል፣ ሰውየው በማውሱ ያዛትና ቀስ አድርጎ ወደ ነገ ጎተታት።