ለፍርድ የቀረበው የእናቴ ጠጅ

በዚያ ዓመት ሆሳዕና ውስጥ ተረጋግቶ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ሰው ሻይ ቤት ይገባና ብርጭቆውን ሳያጋምስ ይነሣል። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሊታፈስ ነው የሚል ወሬ በየሳምንቱ ይመጣል፤ አንዳንዴ ወሬ ሆኖ ይቀራል፣ አንዳንዴ ደግሞ እውነት ይሆናል። እኔ የሃያ አራት ዓመት መምህርት ነበርኩ። ወደ አዲስ አበባ ለመዛወር ማመልከቻ አስገብቼ መልሱን ስጠብቅ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ዓይኔ በመስኮት ወደ መኪና መንገዱ ይሄድብኛል።

የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ሆኖ ከጎጃም ሆሳዕና መጥቶ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው አርፎ፣ እዚያው ተቀበረ። እናቴ ከእሱ ሞት በኋላ ጠጅ እየጣለች ለሠርግና ለማኅበር በትእዛዝ ትሸጥ ነበር። የእሷ ጠጅ በከተማው የታወቀ ነው እየተባልኩ ስላደግሁ፣ የሚበልጠው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ነገሩን የጀመረው አብሮኝ የሚያስተምር የዱራሜ ልጅ ነው። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት የሆሳዕና ጠጅ ጌሾ ብቻ ነው፣ ማር የሚገባበት የእኛ አገር ጠጅ ነው አለ። እኔ ተቆጣሁ። በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የሾኔ ልጅ ደግሞ ማታ ይህን ስነግረው በሁለታችንም ሳቀ፤ የአገሩ የቆላ ማር ያልገባበት ጠጅ ጠጅ አይባልም ባይ ነው። ይህ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ዕድሜው ለውትድርና የደረሰ ነበር። ከቤት የሚወጣው ግራና ቀኙን አይቶ ነው።

ክርክራችንን ቁም ነገር ያደረገው የሳይንስ መምህሩ ነው። እሱ የሌሞ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ፕሮቴስታንት ናቸው፤ በዕድሜው ጠጅ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያናቸውን መንግሥት ከዘጋው ቆይቷል። ዝም ብሎ ሲሰማን ከረመና በአፍ ከምትጨቃጨቁ ለምን በሙከራ አትለዩትም አለን። እያንዳንዳችሁ የአገራችሁን ጠጅ አምጡ፤ ቀለሙን አይታችሁ እንዳታዳሉ ዓይናችሁ ይታሰር፤ እኔ እቀዳለሁ፣ የትኛው የማን እንደሆነ የማውቀውም እኔ ብቻ እሆናለሁ አለ። ከእሱ የተሻለ ዳኛ ከየት ይመጣል? የማይጠጣ ሰው ለማንም አያደላም።

የዱራሜው ቅዳሜ አገሩ ሄዶ በትንሽ ጀሪካን ይዞ መጣ። የሾኔው ለገበያ ከመጡ የአገሩ ሰዎች አስመጣ። እኔ ደግሞ እሑድ እናቴ ለቅሶ ቤት እስክትሄድ ጠብቄ ከጋኗ አንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። አልነገርኳትም። ብነግራት ኖሮ ጠጇ ለፍርድ በመቅረቡ ብቻ ትቀየመኝ ነበር።

ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ቤት ተሰበሰብን። ሦስታችን በነጠላና በሻሽ ዓይናችንን አስረን አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደርን። የሳይንስ መምህሩ ጠጆቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ሰይሞ በተራ በብርሌ ያቀብለናል፣ የምንለውንም ወረቀት ላይ ይጽፋል። ዓይን ሲታሰር ጆሮ እንዴት እንደሚከፈት ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አጠገቤ ያለው የሾኔው ልጅ ውሻ በጮኸ ቁጥር መዋጡን ያቆማል። እኔም ጣዕሙን ትቼ የአጥሩን በር ማዳመጥ ጀመርኩ። የሳይንስ መምህሩ ግን በትዕግሥት ደግማችሁ ቅመሱ ይለናል።

ሀ ደረቅ ነው፤ መጀመሪያ ምንም የለው፣ ከዋጡት በኋላ ነው ማሩ የሚመጣው። ለ ጉሮሮ ይይዛል፣ ጌሾው በርትቶበታል፣ ወዲያው ወደ ራስ ይወጣል። ሐ ለስላሳ ነው፤ መጨረሻው ላይ ብቻ ምላስን ቆንጠጥ ያደርጋል። እኔ ሳላመነታ ሐን አንደኛ አደረግሁ፤ የእናቴ መሆኑን እምላለሁ አልኩ። ለን መጨረሻ አድርጌ፣ ይህን የጣለች ሴት ማር የሚባል ነገር አታውቅም ብዬ ጨመርኩበት። የዱራሜውም ለን መጨረሻ አደረገ። የሾኔው ገና ሊናገር አፉን ሲከፍት በሩ በኃይል ተገፋ።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጸሎት ነው?» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ።

ሻሼን ስፈታ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል፤ አንደኛው ጠመንጃ ይዟል። በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩትን ሲፈልጉ ነው የደረሱብን። ዓይናቸውን ያሰሩ ሦስት ሰዎችና ከፊታቸው ወረቀት ይዞ የቆመ አንድ ሰው አገኙ። ጠጅ መሆኑን ነገርናቸው። ትልቁ ብርሌውን አንሥቶ አሸተተና ፊቱ ፈታ አለ። ሊሄዱ ነው ብዬ ተነፈስኩ። ጠባቂው ግን ወደ ሾኔው ልጅ ዞረ።

«አንተ፣ የየት ቀበሌ ነህ? መታወቂያ አምጣ።»

ልጁ ኪሱን መዳሰስ ጀመረ። ኪሱ ውስጥ ምንም እንደሌለ አራታችንም እናውቃለን። እጁ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ሲሄድ፣ የሳይንስ መምህሩ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

«ጓድ፣ የሚጸልይ ሰው ከፈለጋችሁ የምጸልየው እኔ ነኝ» አለ። «እነሱ ይጠጣሉ። እኔ አማኝ ነኝ፣ አልጠጣም።»

ድምፁ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ እንደሚያሰማው ነበር። ጠባቂዎቹ የልጁን መታወቂያ ረሱ። ትልቁ በብርሌ ቀድቶ የማትጸልይ ከሆነ ጠጣ አለው፤ እሱም አመስግኖ መለሰለት። ወረቀቱን ነጠቁት። ጠመንጃ የያዘው ፊደል እየቆጠረ አነበበ፦ ሀ ዘግይቶ ይመጣል። ለ ቶሎ ይመታል። ሐ መጨረሻ ላይ ይነክሳል። ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ በኋላ ጠጅ ነው ብንል የሚሰማን አልነበረም። መምህሩን መካከላቸው አድርገው ወሰዱት።

የሾኔው ልጅ በጓሮ በኩል እንሰቱ ውስጥ ገባ። ልብሱን እንኳ አልያዘም። እኔና የዱራሜው አንዴ እየተቀመጥን አንዴ እየተነሣን፣ ወደ ቀበሌ እንሂድ እያልን፣ ሄደን ነገሩን እናባብሰው ይሆን እያልን ቀኑን ጨረስነው።

እናቴ ስትመለስ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠጆቹን ማን ምን እንዳላቸው ብቻ ዘለልኩ። ያልፈቀደችውን ጠጅ በመቅዳቴ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሰውየው ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰኞ ማለዳ ደግሞ የተረፉትን ጠጆች ለየብቻ በሦስት ጠርሙስ አድርጋ ዘንቢል ውስጥ ከተተችና ከእኔ ጋር ቀበሌ ሄደች።

ሊቀመንበሩ ያውቃታል፤ የልጁን ክርስትና ጠጅ የጣለችው እሷ ነች። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። «እትዬ፣ ይህ የጠጅ ወረቀት ነው የሚሉት እርስዎ ነዎት?» አላት። እሷም ጠርሙሶቹን ደርድራ፣ ወረቀቱ እውነቱን ከሆነ ጠጁ ራሱ ይመስክር፣ ቅመሱት አለች። ችግሩ የትኛው ሀ፣ የትኛው ለ እንደሆነ ከታሰረው ሰው በቀር የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። አስጠሩት። ሸሚዙ ተጨማዷል፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። የጠጆቹን ቀለም እያየ ሀ የሾኔ፣ ሐ የዱራሜ ነው አለ። ከዚያ እናቴን አየ።

«ለ የእትዬ ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ ሀን ቀመሰና ጠበቀ። ራሱን ነቀነቀ። ሐን ቀመሰና ምላሱን በጥርሱ ነካ ነካ አደረገ። ለን ግን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ ዓይኑን ጨፈነ። «እውነትም ይመታል» አለ። ከዚያ ወረቀቱን አንሥቶ የቀረውን ጮክ ብሎ አነበበው፤ መጨረሻ የተባለው ለ መሆኑን፣ ይህን የጣለች ሴት ማር የሚባል ነገር አታውቅም መባሉን፣ ከጎኑ የተጻፈውን የእኔን ስም። እናቴ ዘንቢሏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ አዳመጠች።

የሳይንስ መምህሩ ሁለተኛ በቤት ውስጥ ሰው እንዳይሰበስብ ፈርሞ ተለቀቀ። ጠርሙሶቹ እዚያው ቀሩ።

መንገድ ላይ እናቴ ከፊቴ ፈጥና ትሄዳለች። ከገበያው በላይ ስንደርስ ደረስኩባትና ዓይኔ ታስሮ ስለነበር እንዳላወቅሁት ነገርኳት። ይህን ማለቴ ነገሩን እንዳባሰው የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ከዓመት በላይ ሆኖኛል» አለችኝ ሳትቆም። «የማር ዋጋ አልቀመስ አለ። ማሩን እየቀነስኩ ጌሾውን እጨምራለሁ። ሰዉ ሞቅ ካለው አይለየውም ብዬ ነው።»

ደሞዝ እያለኝ፣ ሁልጊዜ ልሄድ ነው፣ ልሄድ ነው ስል፣ በእሷ ጓዳ ምን እንደጎደለ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የዚያን ወር ደሞዜን ስቀበል ከሾኔ ማር አስመጣሁላት። ተቀበለችኝ፤ የወረቀቱን ነገር ግን ዳግመኛ አንሥታው አታውቅም።

የሾኔው ልጅ ዘመዶቹ ጋ ገጠር ገብቶ እንደተደበቀ በሰው ሰማን። የሳይንስ መምህሩ ሥራውን ቀጠለ። ብዙ ቀን ፈርቼ ቆይቼ፣ ያን ዕለት ልጁን ለማስመለጥ ብለህ ነው ወይ የተናገርከው ብዬ ጠየቅሁት። ፈተና እያረመ ነበር፤ ቀና ሳይል እሱም እንደማያውቅ፣ አፉ ቀድሞት እንደሆነ፣ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ሲጸጸትና ሲደሰት እንዳደረ ነገረኝ። በዓመቱ መጨረሻ ሳይጠይቅ ወደ ሀደሮ አዛወሩት። ሲሸኙት እንዳልታይ ብዬ መኪናው ጋ አልሄድኩም፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከሩቅ አየሁት።

የእኔ ዝውውር የመጣው እሱ ከሄደ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደብዳቤውን ቢሮ ተቀብዬ፣ እየተጣደፍኩ ወደ ቤት ሄጄ፣ እናቴ ጌሾ ስትወቅጥ አጠገቧ ቆምኩ። ምን ፈለግሽ አለችኝ። ምንም አልኳት፤ ደብዳቤው ቀሚሴ ኪስ ውስጥ እያለ ሦስት ቀን አልነገርኳትም።