ድንጋይ ያደረግናት ጓደኛዬ

ቅዳሜ ከሰዓት አያት ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቤት፣ አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበን የምንጫወተው ጨዋታ ነበር። ለማያውቀው ሰው ማስረዳት አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ልሞክር። አንዱ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቻችን በታሪኩ ውስጥ የሆነ ሰው ሆነን ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፤ ተሳካ አልተሳካም የሚለውን ዳይስ፣ የሚወረወረው ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ይወስናል። መሪው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ የሂሳብ መምህር ስለሆነ ለማንም አያዝንም። አንዱ ተጫዋች የግንባታ መሐንዲስ ነው። ሌላዋ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የማውቃት ጓደኛዬ ናት፤ የካ ሚካኤል አካባቢ ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። በጨዋታው እሷ ተዋጊ ናት፣ እኔ አስማተኛ። አስማት የሚለውን ቃል ግን ጮክ ብለን አንጠራውም፤ «ጥበብ» ነው የምንለው። ግድግዳው ስስ ነው፣ ከታች ያሉት እማማ ደግሞ ጸበል ይዘው ከመምጣት አይመለሱም።

የእኔ ትልቁ ጥበብ ሰውንም ዕቃንም ድንጋይ ማድረግ ነበር። የጨዋታው መጽሐፍ ጠላት ማጥፊያ ነው ይላል። እኔ ጠላት ማጥፋት ይሰለቸኛል፤ ስለዚህ ለሌላ ለሌላው አዋልኩት። ጋሪያችን ጭቃ ሲይዘው ጭቃውን ድንጋይ አደረግሁትና አለፍን። ሊወድቅ የደረሰ የእንጨት ጣሪያ ድንጋይ አደረግሁ፤ መሐንዲሱ እንዳስጠነቀቀኝ በራሱ ክብደት ተደረመሰ። አንድ ቀረጥ ሰብሳቢ አላሳልፍ ሲለን በቅሎውን ድንጋይ አደረግሁበት። ሰውዬው ሐውልት ለማቆም ፈቃድ እንዳላወጣን ገልጾ ሌላ ቀረጥ ጠየቀን። ወንድሜ ያን ሰሞን ለአንድ ጉዳይ ወረዳ ይመላለስ ስለነበር ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው አልጠየቅሁትም።

ከዚያ ጓደኛዬን ሆዷን ያማት ጀመር። ምርመራው ሲያልቅ ሐኪሙ ያነጋገረው ታላቅ ወንድሟን ብቻ ነበር። ለእሷ ጨጓራ ነው ተባለ። በማግስቱ ወንድሟ ደወለልኝና እውነቱን ነገረኝ፤ ካንሰር ነው፣ ጉበቷ ላይ ደርሷል፣ ቀዶ ጥገናም አይጠቅማትም። ለእሷ ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም። ለአክስት፣ ለአጎት፣ ለመሥሪያ ቤት አለቃና ለጎረቤት ግን ይነገራል። እኔም ለወንድሜና ለመሐንዲሱ ነገርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ደግ ሰው ሆነ። ጓደኛዬን የሚያስመታ ቁጥር በወጣ ቁጥር ዳይሱን በመዳፉ ሸፍኖ «ሳተሽ» ይላል። ፊቱ ላይ ግን ሁሉም ነገር ይነበባል፤ ይህ ልጅ መዋሸት አያውቅበትም። አንድ ቅዳሜ ዳይሱ ከእጁ አምልጦ መሐል ጠረጴዛ ላይ ቆመ። ሁላችንም አየነው። ተዋጊዋን እባብ ነድፏታል፤ መርዙ በሦስት ዙር ይገድላታል፣ ማርከሻ የያዘ ሰው ደግሞ የለም። መሐንዲሱ ስልኩን ማየት ጀመረ። እኔ ደነገጥኩ፤ በጨዋታም ቢሆን እዚያ ጠረጴዛ ላይ እንድትሞት አልፈለግሁም። ድንጋይ አደረግኋት።

«ድንጋይ ውስጥ መርዝ አይዘዋወርም» አልኩ። ወንድሜ መጽሐፉን እንኳ ሳይገልጥ ልክ ነሽ አለኝ።

ጓደኛዬ፣ እኔን አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት አለችኝ። ማርከሻውን እስክናገኝ ብቻ ነው አልኳት።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ማርከሻ ፍለጋ ሄድን። ጓደኛዬ አቅም ባገኘች ቁጥር ትመጣለች፤ ድንጋይ ስለሆነች ግን የምታደርገው ነገር የለም፤ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ትሰማናለች። እኛ በጋሪ ጭነን እንዞራለን። መሐንዲሱ ክብደቷን አሰላና የተንቀሳቃሽ ድልድይ ማንሻ ሚዛን አደረጋት። ጀልባ ላይ መልህቅ ሆነች። አንድ ጊዜ በር እንዳይከፈት ደገፍንባት። «ትንሽ ወደ ግራ አዙሯት» እየተባባልን በላይዋ እናወራለን። መጀመሪያ ላይ ትስቅ ነበር፤ በኋላ መሳቁን ተወችው። ማርከሻው ያለበት መንደር በደረስን ቁጥር ወንድሜ ወደሚቀጥለው መንደር ያዛውረዋል። ቢሰጠን ውሸት ይሆንበታል፤ የለም ማለት ደግሞ አይችልም።

አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ወጥተን እንጫወት አለች። ቤቷ በጠያቂ ተጨናንቋል፤ ሁሉም ጁስ ይዞ ይመጣና ዓይን ዓይኗን ያያታል። በመሐንዲሱ መኪና ወጣን፤ ባሕር ዛፉ ውስጥ ብርድ ልብስ አነጠፍን። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች መጽሐፉንና ዳይሱን አይተው ሰላምታ ሳይሰጡን አለፉ። አልፈርድባቸውም።

መጫወት ከመጀመራችን በፊት ጓደኛዬ ወንድሜን ጠየቀችው። «ድንጋይ ሆኜ እሰማለሁ?»

መጽሐፉን አገላበጠ። ስለ መስማት የሚል ነገር የለም አላት።

«መሪው አንተ አይደለህ? ወስን።»

ወደ እኔ አየ። እኔም ወደ እሱ። «እሺ፣ ትሰሚያለሽ» አለ።

እንግዲያው ሁሉንም ሰምቻለሁ አለች። ከመሐንዲሱ ጀመረች፤ ስለ ክብደቷ ያለውን ቃል በቃል ደገመችለት። እሱም ከልቡ ይቅርታ ጠየቃት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቤትም እሰማለሁ» አለች። «እኔ ስገባ ወሬ ይቀየራል። እናቴ ዓይኗ ቀልቶ ሽንኩርት ነው ትለኛለች፤ ቤታችን ሽንኩርት ካለቀ ቆይቷል። ጨጓራ አይደለም። ምን እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ።»

ምዬ ነበር። አላውቅም ልላት አፌን ከፈትኩ። ወንዶቹን አየኋቸው፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። ነገርኳት። የበሽታውን ስም፣ የት እንደደረሰ፣ ቀዶ ጥገና እንደማይጠቅማት፣ ጊዜውም አጭር መሆኑን። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

ተናደደች። እንዲያ ተናዳ አይቻት አላውቅም። ጀርባዋን ሰጥታን ለረጅም ጊዜ የባሕር ዛፍ ቅጠል እየቆረጠች ጣለች። ወደ እኛ ስትዞር ከድንጋይ አውጡኝ አለች። ወንድሜ ማርከሻው እንዳልተገኘና ሦስት ዙር ብቻ እንደሚኖራት ሊያስታውሳት ሞከረ። አውቃለሁ አለችው። አወጣኋት።

ተራው የእሷ ነበር። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ታላቅ ወንድሟ ጋ ደወለች።

«ሰኞ ሐኪሙ ጋ የምገባው እኔ ነኝ» አለችው። እሱ ብዙ ነገር ተናገረ መሰለኝ፤ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

«አይ» አለች፤ «ብቻዬን ነው።»